የምስክሬን ድምፅ ወልውለው ላጠፉልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የፍርድ ቤታችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ከወንበርዎም ሳይነሡ እንዲያገኝዎ አላህን እለምናለሁ። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ከቢሮዎ ጎን ባለችው ቀዝቃዛ ክፍል ለሚኖረው፣ የችሎቱን ድምፅ ለሚያስቀምጠው ሰርቨር የከበረ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ስምዎንና የፍርድ ቤቱን ስም ያልጻፍኩት አክብሬዎት ነው። የሚያውቅዎ ሁሉ ያውቅዎታል፤ የማያውቅዎም ሳያውቅዎ ቢቀር ይሻለዋል።

እኔ ሰፊያ ነኝ፤ ጃጁራ ገበያ ጤፍና ስንዴ እየነገድኩ ልጆቼን የማሳድግ፣ ባሌን የቀበርኩ ሴት። ጎረቤቴ አጵሎስ ባሌ በሞተ በዓመቱ አጥሩን ነቅሎ የጓሮዬን እንሰት እስከ ግማሹ ወደ ራሱ ስለከለለ ከሰስኩት። ድንበሩ ሲለይ በቦታው ከነበሩት ሽማግሎች በሕይወት የቀሩት የአጵሎስ የገዛ አጎቱ አቶ ሕዝቅኤል ብቻ ነበሩ። እኚህ ሰው በከዘራ ተደግፈው መጥተው፣ የወንድማቸው ልጅ ፊት ቆመው፣ መሬቱ የእኔ እንደሆነ በሀዲይኛ መሰከሩ፤ የችሎቱ አስተርጓሚ ወደ አማርኛ መለሰችው፤ ማሽንዎም ቀዳው። ከዚያ በኋላ ዘመድ የሚባል ደጃቸውን አልረገጠም። ክረምት ሲገባ አረፉ።

ቃላቸው በወረቀት እንዲገለበጥልኝ ደጅ ስጠና እርስዎ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ድምፁ በአራት ዲስክ ላይ ተከፋፍሎ ስለተቀመጠ አንዱ ዲስክ ቢሞት እንኳ የቀሩት ሦስቱ የሞተውን ይተካሉ፣ ስለዚህ መጨነቅ ኋላ ቀርነት ነው አሉኝ። እኔም ኋላ ቀርነቴን ትቼ ወደ እህሌ ተመለስኩ። ደጅዎ ላይ ስመላለስ ካየሁትና ከሰማሁት ተነሥቼ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. አንዱ ዲስክ ሲሞት ማሽኑ ቀይ መብራት አብርቶ መጮህ ጀመረ። የቢሮዎ የኮምፒውተር ባለሙያ ኤሊያስ መለዋወጫ ዲስክ ከንብረት ክፍል እንዲወጣለት ጠየቀ። ዲስኩ ነበር፤ ካርቶኑ እንኳ ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። የወጪ ማዘዣውን የሚፈርሙት እርስዎ ግን ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ከስብሰባው ወደ ሥልጠና፣ ከሥልጠናው ሥልጠናውን ወደሚገመግም ስብሰባ አለፉ። ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ።

2ኛ. በዚህ መሐል ከሌላ ዞን የልምድ ልውውጥ እንግዶች መጡ። ጩኸቱ እንግዳ ፊት ያሳፍራል ብለው ድምፁ እንዲዘጋ፣ ቀዩ መብራት ላይም እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍ አዘዙ። ኤሊያስ ሌላ አንድ ዲስክ ከሞተ ሁሉም ነገር አብሮ እንደሚሄድ ነግሮዎት ነበር። እንግዶቹ ማሽኑን ከበው ፎቶ ተነሡ፤ ልምዱንም ቀስመው ሄዱ። እንግዶቹ የሚያስተዳድሩትን ሕዝብ ሳስብ አዝናለሁ።

3ኛ. ሁለተኛው ዲስክም ሲሞት ኤሊያስ ማንም እጁን እንዳያስገባ፣ እያንዳንዱ ዲስክ የነበረበት ቦታ ተጽፎበት አዲስ አበባ የጠፋ መረጃ ወደሚያወጡ ባለሙያዎች እንዲላክ፣ እንዲህ ከተደረገ ድምፁ ሊተርፍ እንደሚችል ተናገረ። እርስዎ ግን ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴውም ተወያይቶ ችግሩ አቧራ ነው አለ። ኤሊያስ ችግኝ ሊተክል በተላከበት ቀን የጽዳት ዘመቻ ተደረገና አራቱም ዲስኮች ተነቅለው በእርጥብ ጨርቅ ተወለወሉ፤ የትኛው ከየት እንደወጣ ያስተዋለ ሳይኖር እንደገና ተሰኩ። ማሽኑ አሻፈረኝ ሲል አዲሱ ዲስክ ከሌላ አንድ ጋር በዚያው ቀን በፊርማዎ ወጥቶ በሁለቱ ሟቾች ቦታ ገባ። ማሽኑም በውስጤ ያለውን ሁሉ ደምስሼ እንደ አዲስ ልጀምር ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። እሺ ተባለ። መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ፣ ተጨበጨበ፣ ለበላይ አካልም ሲስተሙ መቶ በመቶ አገግሟል የሚል ሪፖርት ተላከ። እውነት ነው፣ አገግሟል፤ ባዶ ነገር ምኑን ያመዋል?

ክቡር ሆይ፣ ጉዳዩን የያዙት ዳኛ ተዛውረው አዲስ ዳኛ ስለመጡ የምስክሩን ድምፅ ለመስማት ቀጠሮ ሰጥተው ነበር። የአቶ ሕዝቅኤል ልጅ ሐዳሳ በዚያ ምስክርነት ምክንያት አባቷን አኩርፋ፣ ሳታናግራቸው ሞተውባታል። ከቀብር በኋላ ቤቴ የመጣችው ስለ ድንበር ልትከራከር አልነበረም፤ ምን እንዳሉ በገዛ ድምፃቸው አንድ ጊዜ ልስማ ብላ የቀጠሮውን ቀን ልትጠይቀኝ ነበር። በቀጠሮው ቀን ከዘመዶቿ ተለይታ ከጎኔ ተቀመጠች። ቅጂው የለም ሲባል ምናልባት ሌላ ማሽን ላይ ይኖር ይሆን ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። መሬቴን የወሰደው አጵሎስ እንኳ አንገቱን ደፋ፤ እርስዎ ግን በኮሪደሩ ሲያልፉ እጅዎን አንሥተው ፈገግ አሉልን።

ችሎቱ ምስክሬን እንደገና እንዳቀርብ፣ ካላቀረብኩ ማስረጃዬ እንደሚዘጋ አዟል። ጓሮው ሊሄድ ነው፤ ልጆቼ ቆጮ ከገበያ ገዝተው ይበላሉ። ይህም ሆኖ ከእርስዎ ካሣ አልጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ሐዳሳ ቤት ሄደው፣ የአባቷ ድምፅ የትም እንደሌለ በራስዎ አንደበት ይንገሯት። እኔ አልቻልኩም።

በደጅዎ ተመላልሳ ጫማዋን የጨረሰች፣ በትሕትና እጅ የምትነሣ፣ በአገልግሎትዎ እስከ አንገቷ የጠገበችና ያንገሸገሻት ባለጉዳይዎ፣

ሰፊያ
ከጃጁራ

ማስታወሻ፦ አቶ ሕዝቅኤል መሞታቸውን ለቢሮዎ ባመለክትም መጥሪያው በስማቸው ወጥቶ እንዳደርስ ተሰጥቶኛል። ካልቀረቡ በፖሊስ ተገደው ይቀርባሉ ይላል፤ ፊርማውም የእርስዎ ነው። እባክዎ ፖሊሶቹን ሲልኩ አካፋ ያስይዟቸው።