የላምባው ቦቴና የጣራው ላይ ውሃ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ፣ ሩሞይ ከተማ።

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ብርዱ እንዴት አድርጎዎታል? ወገብዎስ ሻል አለው ወይስ እንደ ልማድዎ «ምንም አይደል» እያሉ፣ ጥርስዎን ነክሰው የላምባውን ቱቦ ከቦቴው ወደ ሰው ቤት እየጎተቱ ነው? ጫማ ለማሰር እንኳ ጎንበስ ማለት እንዳቃተዎት እማማ በስልክ ነግራኛለች። «እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪው» ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ምስጢር አፌ ላይ እንደማያድር ያውቃሉ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እንዲያውም ትንሽ ወፍሬያለሁ።

የላኩልኝ የዓሣ እንቁላል ደርሶኛል፤ ሳዮ የምትባል የሥራ ባልደረባዬ ግማሹን ጨረሰችው። አብሮት የመጣውን ወረቀትም አነበብኩ። «ቁርጡን ንገሪኝ። ሐኪሙ ከዚህ ክረምት በኋላ መንዳት የለም ብሎኛል። ቦቴውን ላንቺ ላቆየው ወይስ ጎረቤታችን ኢዋሴ ይውሰደው?» ይላል። መልሱን ያዘገየሁት ንቄዎት አይደለም፤ የራሴም ነገር ቁርጡ ስላልታወቀ ነው። እዚህ ቤተ ሙከራ፣ የምሠራበት ዱቄት እስከ መጸው ካልተሻሻለ ሥራሽ መጋቢት ላይ ያበቃል ተብዬ ነበር። ያኔ መምጣቴ አይቀርም ነበር፤ ላምባ ስሸጥ ልኖር።

ሰው ሲጠይቅዎት «ልጄ ውሃ አንድዳ እንጀራዬን ልትዘጋ ነው» እያሉ እንደሚያሾፉ ሰምቻለሁ። እስቲ ላስረዳዎት። ብርሃን ሲያርፍበት ውሃን የሚከፍል ነጭ ዱቄት አለ። መስታወት ላይ ቀብተን ውሃ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ ፀሐይ ሲያገኘው አረፋ ያወጣል። ከሚወጣው ጋዝ ሁለቱ እጅ ሃይድሮጂን፣ አንዱ እጅ ኦክስጅን ነው። ሃይድሮጂኑ ይነዳል፣ ጭስ የለውም፣ ነዶም ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ችግሩ ዱቄቱ ሰነፍ ነው። ካረፈበት ብርሃን አብዛኛውን ያባክነዋል፤ የኔ ሥራ እሱን ማትጋት ነው።

በጋ ላይ አንድ ቀን ዱቄቱ ከወትሮው እጥፍ ጋዝ ሰጠኝ። በደስታ የምሆነውን አጣሁ። በማግስቱ ያንኑ ብሠራው ያው የድሮው ሰነፍ ሆኖ ቁጭ አለ። ደገምኩ፣ ሰለስኩ፣ ወይ ፍንክች። ሳዮ «የላምባ ሻጭ ልጅ፣ ቤንዚን ጠብ አድርገሽበት ይሆናላ» እያለች ሣቀችብኝ። አለቃችን ፕሮፌሰር ሺራኪ ደግሞ «አንዴ ብቅ ያለ እንግዳ ነው፤ ዘመድ ነው ብለሽ አትቁጠሪው» ብለውኝ ወጡ። ከዚያ በኋላ ምግቡም አልበላ አለኝ። ለእማማ በስልክ «ደህና ነኝ» ያልኳት ውሸቴን ነበር።

እኛ ጋ ዕቃ የሚታጠበው በተራ ነው፤ ፕሮፌሰሩም ያጥባሉ። ተራዬ ደርሶ ዱቄቱን እሳት ውስጥ የምናበስልባቸውን ጽዋዎች ሳጥብ፣ አንዱ አሮጌ የሸክላ ጽዋ ውስጡ ተልጦ ጣቴን ሻከረኝ። ዱቄቱ እጥፍ ጋዝ በሰጠኝ ጊዜ አዲሶቹ አልቀውብኝ ያበሰልኩት በሱ ነበር። ለካ ዱቄቱ ሲበስል ሸክላው ውስጥ ካለው አሉሚኒየም ጥቂት እየላሰ ነው የበረታው። እኛ ደግሞ ምንም እንዳይነካው ብለን አሮጌዎቹን ጥለን ውድ ውድ ጽዋ ስንገዛ ከርመናል። ሮጬ ለፕሮፌሰሩ አሳየኋቸው። ጽዋውን አገላብጠው አዩና «ስንት ዓመት ሙሉ ስናጠራው ኖርን፤ የጎደለው ትንሽ እድፍ ኖሯል» ብለው ሣቁ። «በይ እንግዲህ አሁን እያወቅሽ አቆሽሺው» አሉኝ።

እያወቅሁ አሉሚኒየም ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩበት፤ በረታ። ቢሆንም በመብራት ሥር የበረታ ሁሉ ደጅ ሲወጣ አይበረታም። የቤተ ሙከራው ጣራ ላይ ዱቄቱ የተቀባባቸውን የመስታወት ሰሌዳዎች ውሃ ውስጥ ዘርግተን መጠበቅ ጀመርን። መጀመሪያ ደመና ሆነ፣ ቀጥሎ ዝናብ፤ እኔም ከሰማይ ጋር ተኳረፍኩ። ፀሐይዋ ስትወጣ ግን ሰሌዳው በሙሉ አረፋ በአረፋ ሆነ። ጋዙን ስንለካው ሁለት እጅ ባንድ እጅ፣ ልክ እንደ ውሃው። ልኩ ባይመጣ ኖሮ ጋዙ ከሌላ ነገር ነው የመጣው ማለት ነበር። ወር አለፈው፤ እስከ ዛሬ አልደከመም። ሳዮ በጓንቷ አፍንጫዋን እየጠረገች አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

አልዋሽዎትም አባባ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የተጠራቀመው አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ አያፈላም። ኢዋሴ በዚህ ገበያ አያጣም፤ ገና ልጆቹም ላምባ ይሸጣሉ። ግን መንገዱ ተከፍቷል፤ የኔም ውል ለሦስት ዓመት ታድሷል።

እንግዲህ ቁርጡ ይኸው፤ ቦቴውን ለኢዋሴ ይስጡት። መሪ መያዝ ያስተማሩኝ በሱ ነው። ዕድሜዎን የጨረሱበት ነገር ለባዕድ ሲሄድ እንዴት እንደሚያንገበግብዎት አውቃለሁ፤ እኔንም ያንገበግበኛል። አንድ ነገር ብቻ ቃል ያስገቡት፤ ዳገቱ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩትን ወይዘሮ ኪኑን እንዳይዘላቸው። ሌላ ሻጭ እዚያ ድረስ አይወጣላቸውም። ሥራዎን ንቄ የተውኩ እንዳይመስልዎት። ሰው ቤት ሙቀት ማድረስን ከእርስዎ ነው ያየሁት፤ እዚህም የምለፋው ለዚያው ነው።

እማማን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ምስጢሯን በማውጣቴ እንዳትቆጣኝ ያማልዱኝ። አክስቴ ፉዩኮን የሠራችልኝ ሹራብ ልኬ ሆኗል ይበሏት፤ እጅጌው ቢረዝምም እጥፍ አድርጌ እለብሰዋለሁ። ለኢዋሴም ሰላምታዬን ይንገሩት፤ እስከ ዘመን መለወጫ ቱቦውን እሱ ይጎትትልዎት፣ ቁልፉን ግን እንዳይሰጡት። ለበዓሉ እመጣለሁ። ከማስረከብዎ በፊት ከተማውን አንድ ዙር አብረን እንዞራለን፤ ደንበኞችዎን ቤት ለቤት እንሰናበታለን። እኔ እነዳለሁ፤ እርስዎ አጠገቤ ቁጭ ይበሉ።

ልጅዎ ቺዙሩ
ናጋኖ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2017