ፒክአፑ አይሸጥም

እኔ አለምዘውድ ወልደየስ፣ የሟች አቶ ታፈሰ ባለቤት፣ ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት፣ ነዋሪነቴ በካምፓላ ከተማ ካንሳንጋ፣ ዛሬ ቅዳሜ የካቲት 5 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2022፣ ስማቸው ከታች በተጻፈው ምስክሮች ፊት ይህን የኑዛዜ ቃሌን በአንደበቴ ተናግሬ አጽፌአለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም አልደበቀኝም። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ይህን ሌላው ሰው ለወግ ያስጽፈዋል፤ እኔ የማስጽፈው ባለፈው ዓመት «አእምሮዋ ተነክቷል» ተብሎ ስለ ተወራብኝ ነው። ቃሌን የምትጽፈው በዋንዴገያ የጽሕፈት ሱቅ ያላት ሀና ናት። እንዳታሳምረው ነግሬአታለሁ።

ልጆቼ አማንና ገንዘቤ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እስክጨርስ ማንም አያቋርጠኝም።

አስቀድሜ የምናገረው ስለ ነጩ ፒክአፕ ነው፤ ጠቡ ሁሉ የመጣው በእሱ ነውና። ታፈሰ ያገለገለ መኪና ሳለ እዚሁ ካምፓላ ገዛው። ለሃያ ሁለት ዓመት የምግብ ቤታችንን ሽንኩርት፣ ከሰልና ማቶኬ የሚሉትን የሚቀቀል ሙዝ ተሸከመ። ያን ሁሉ ዘመን እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ታፈሰ ደግ ባል ነበር፤ መሪውን ግን አንድ ቀን አላስነካኝም። «ምን ጎደለሽ? እኔ አለሁልሽ አይደለም ወይ?» ይለኝ ነበር። ዝም ያልኩት ስለምወደው እንጂ ስለ ተስማማሁ አልነበረም። ይህም ይጻፍልኝ።

በ2010 ዓ.ም. ታፈሰ ደረቱን ይዞ ወደቀ። አማን ጋቢና አስገብቶት ወደ ሆስፒታል ነዳ። መንገድ ላይ የራዲያተሩ ቱቦ ፈነዳ፤ ውሃው ሁሉ ፈሰሰ። አማን የሙቀቱ መርፌ ቀይ ላይ መድረሱን አይቶ አላቆመም። ሞተሩ ተቃጥሎ የቆመው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ታፈሰ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ፒክአፑን በገመድ ጎትተው አመጡልኝና ግቢያችን ካለው ፌኔ ከሚባል ትልልቅ ፍሬ ከሚያፈራ ዛፍ ሥር ተዉት። ሦስት ዓመት እዚያው ቆመ፤ ዶሮ ፈለፈለበት፣ ወለሉን ዝገት በላው።

አማን፣ ልጄ፣ ሞተሩን ስላቃጠልክ አንድም ቀን አልተቀየምኩህም። እኔም ብሆን አላቆምም ነበር። የተቀየምኩህ በሌላ ነው፤ እሱን እነግርሃለሁ።

ባሌ በሞተ በዓመቱ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አስተማሪዬ ከልጄ የሚያንስ የዚህ አገር ሰው ነበር። «ጃጃ፣ ቀስ በይ» ይለኛል፤ አያቴ ማለቱ ነው። ቀስ አልኩ፤ በመጀመሪያው ፈተና አለፍኩ። ከዚያ በኋላ አማን ከሚኖርበት ከሙየንጋ መጥቶ ፒክአፑን ዞር ዞር ብሎ አየው።

«እማዬ፣ ይህን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ እንስጠው። አዲስ መኪና እገዛልሻለሁ» አለኝ።

«አዲስ መኪና አልጠየቅኩህም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ሞተር ልቀይርለት።»

ሳቀ። «ማነው የሚቀይረው?»

«እኔ» አልኩት።

በሰኔ 2013 መንግሥት ለአርባ ሁለት ቀን እንቅስቃሴ ሲዘጋ ምግብ ቤቱም ተዘጋ። ጎረቤቴ ዛሂዳ፣ የወሎ ልጅ፣ በአንድ ግቢ የምንኖር፣ ከተማ ያለው የመለዋወጫ ሱቋ ተዘግቶባት ቤት ዋለች። ከጃፓን የመጣ ያገለገለ የናፍታ ሞተር ከመዘጋቱ በፊት ከእሷ ገዝቼ በሸራ ሸፍኜው ነበር። አንድ ጠዋት መፍቻዎቿን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክማ መጣች።

«እትዬ አለም፣ ባሌ በሕይወት ሳለ ዕቃውን እየለየሁ የምሸጠው እኔ፣ ስሙ የሚጠራው የሱ ነበር። ነይ እንክፈተው» አለችኝ።

ኮፋኖውን አውርደን ዘይቱን አፈሰስን። የነቀልነውን ሽቦና ቱቦ ሁሉ ጨርቅ አስረን ጻፍንበት፤ ብሎኑን በየጣሳው ለየን። ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው ብየዳ ሠራተኛ ሰኪቶ ባለ ሦስት እግር የብረት ማቆሚያ ሠርቶ እኔ የገዛሁትን የሰንሰለት ማንሻ ሰቀለልን። አሮጌው ሞተር በአራተኛው ቀን ወጣ። አዲሱ ግን ከሞተር መቀመጫው ብረት ጋር በአራት ጣት ስፋት አልገጥም አለ። ሦስት ጊዜ አወረድነው፣ ሦስት ጊዜ መልሰን አነሣነው። በሁለተኛው ጊዜ የግራ እጄ ጣት ብረትና ብረት መሃል ገባ፤ ጥፍሩ ወደቀ። ዛሂዳ «ይብቃን» አለች። እኔ «አይበቃንም» አልኩ። ሰኪቶ መቀመጫዎቹን ቆርጦ በጠመኔ ባሰመርኩለት ላይ በየዳቸው፤ ሞተሩም ገባ። የወለሉን ዝገት ፍቀን ቀለም ቀባን።

መጀመሪያ ቁልፉን ሳዞር አልነሣ አለ፤ የናፍታው ቱቦ አየር ይዞ ኖሯል። አየሩን አስወጥተን ደገምኩ። ግቢውን ሙሉ በጥቁር ጭስ ሸፍኖ ተነሣ። ዛሂዳ አልሐምዱሊላህ አለች፤ እኔ ተመስገን አልኩ፤ ሰኪቶ በእጁ ኮፋኖውን መታ መታ አደረገ። ከጋቢናው አልወረድኩም። መሪውን ይዤ ብዙ አለቀስኩ፤ ለታፈሰ ይሁን በታፈሰ ላይ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። መንገዱ እንደ ተከፈተ በየቀኑ መንዳት ጀመርኩ። አማን ፒክአፑን ካንሳንጋ ጎዳና ላይ ሲያየው ታመመ፤ ይህን እረዳለሁ፤ አባቱን ያየበት ወንበር ነው። ግን ለእኔ በመንገር ፈንታ ለሰው ነገረ። «እናቴ አእምሮዋ ተነክቷል፤ ቀንም ሌትም ከብረት ጋር ናት» ብሎ ሦስት ሽማግሌ ላከብኝ፤ ቁልፉን እንድሰጥና ፒክአፑ እንዲሸጥ። መሪያቸው እዚህ ያሉት አቶ ሀብተማርያም ነበሩ። አክብሬ አስቀመጥኳቸው፤ ቃላቸውን ጨርሰው እስኪናገሩ ሰማሁ። ከዚያ «መልሴን ለላካችሁ ለልጄ በቃሌ እነግረዋለሁ፤ ተነሡ ላድርሳችሁ» አልኳቸው። አቶ ሀብተማርያም ጋቢና ገቡ፤ ሁለቱ ከኋላ ጭነት መጫኛው ላይ ጋቢያቸውን ይዘው ቆሙ። የሙየንጋን ዳገት ይዤ ወጣሁ። አማን በሩን ከፍቶ ቆሞ ቀረ። አቶ ሀብተማርያም ወርደው «ልጄ፣ አእምሮዋ የተነካ ሰው ይህን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ አይወጣም። ሽምግልናውን ትተናል» አሉት። ዛሬ ምስክሬ የሆኑት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ውርሱን እናገራለሁ።

ፒክአፑ ለልጄ ለገንዘቤ ነው። የአዲሱ ሞተር ቁጥር በሎግቡኩ፣ በባለቤትነት ደብተሩ ላይ በሕግ ተመዝግቧል። ገንዘቤ፣ ዓመት ሳይሞላ መንጃ ፈቃድ ታወጫለሽ። ባልሽ ጥሩ ሰው ነው፤ ሲደክምሽ ያግዝሽ። በአንቺ ፈንታ ግን አይንዳልሽ። መሸጥ ክልክል ነው፤ ሞተሩ ካረጀ ሌላ ቀይሪለት፤ ማውጣቱንና ማስገባቱን ዛሂዳ ታሳይሻለች።

ከዚያ ወዲህ የገዛኋቸው መፍቻዎቼ፣ ክሪኩና የሰንሰለት ማንሻው የዛሂዳ ናቸው። ተቀባይ በመሆኗ ምስክር አላደረግኳትም፤ ምስክርነቷንማ በእጇ ሰጥታኛለች።

ምግብ ቤቱ፣ ከነድስቱ፣ ከነወንበሩና ከነስሙ፣ ለወጥ ሠሪያችን ለአስያ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት አብስላበታለች። ልጆቼ ምግብ ቤት አትወዱም፤ የማትወዱትን አላወርሳችሁም።

አማን፣ ለአንተ የአባትህን የቆዳ ጃኬትና የእጅ ሰዓት ሰጥቻለሁ። ሌላ ሀብት አያስፈልግህም። አብዳለች ያልከኝን ግን ሳልናገርህ ብሞት ውሸታም እሆን ነበር፤ አሁን ተናግሬሃለሁ፤ ይቅርም ብዬሃለሁ። መልስ ካለህ ተናገር፤ ሀናም ትጻፈው።

አማን እንዲህ አለ፦ «እማዬ፣ ያን መኪና ባየሁ ቁጥር የአባባን ትንፋሽ እሰማለሁ። እንዲህ ብዬ ለመናገር አፍሬ ነው ሌላውን ያወራሁት። ጥፋቴ ነው።»

እኔም ሰምቻለሁ። ይህ ኑዛዜዬ ነው፤ ከዚህ በፊት በቃልም በጽሑፍም ያልኩትን ይሽራል። በልቤ ድካም፣ በዕድሜዬ ወይም በሴትነቴ አመካኝቶ የሚቃወመው ቢኖር፣ መቃወሚያውን ከዛፉ ሥር አሮጌው ሞተር አጠገብ ቆሞ ይናገር፤ ያወጣነው እኛ ነን።

የተናዛዥ ፊርማ፦ አለምዘውድ ወልደየስ

እኛ ምስክሮች ተናዛዧ በሙሉ አእምሮ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ሲናገሩ ሰምተን፣ ሲፈርሙም አይተን ፈርመናል።

ሀብተማርያም (ፈርመዋል)
ሰኪቶ፣ ቃሉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞለት (ፈርሟል)

ጸሐፊዋ ሀና ያከልኩት፦ ፊርማው እንዳለቀ ወይዘሮ አለምዘውድ ከወንበራቸው ተነሥተው ቁልፉን ጠየቁ። ገንዘቤ ሐኪሙ መንዳት እንደ ከለከላቸው አስታወሰቻቸው። «ሰምቼዋለሁ» አሉና መሪው ጋ ገቡ። አማን ጥቂት ቆመ። ከዚያ ዞሮ የጋቢናውን ሌላ በር ከፈተና አባቱ ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ በነበረበት ወንበር ተቀመጠ። ወይዘሮ አለምዘውድ ሞተሩን አስነሡ።