ራሱ ያንተ፣ ጭራው የኔ

ለታላቅ ወንድሜ ለፔኒያሲ፣

እንዴት ሰነበትክ? ያለህበት አገር ነፋሱ እንዴት ነው? እንደኛ ዳርቻ ከሰዓት በኋላ ይነሳል ወይስ እዚያ ያርፋል? ድንጋይ የቆረጠው የጉልበትህ ቁስልስ ደረቀልህ? ከባሕሩ ወዲህ ካለነው ከሁላችን ሰላምታ ይድረስህ። አባባ ደህና ነው። እማማም ደህና ናት እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል፤ መብላት ግን ጀምራለች። እኔ ደህና ነኝ። ስለ እኔ ብዙ ስለሚወራ ከሌላ ሰው ሳትሰማ ራሴ ልንገርህ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ከቀበርንህ በኋላ ቤታችን በዘመድ ሞልቶ ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነበር። ምነው ያን ቀን ባልወጣ። ምነው አንድ ሰዓት ታግሶ ቢሆን። ከዋና ከተማው ከሱቫ የመጡት ዘመዶቻችን ያንኑ በእንግሊዝኛ ይሉታል፣ ጀልባ ላይ በምንጫወትባት ግሥ፣ በ«ዊሽ»። አክስታችን ሊቲያና ደግሞ መድኃኒቱ ሳይደርስ ሕፃኗ በሰላም መወለዷን እያነሳች፣ «እንዲያው ለከንቱ ቀረ እኮ ልጄ» ትላለች።

እኔ ጥግ ይዤ እሰማ ነበር። ጎረቤታችን ሰኒሚሊ ምጥ ሲጠናባት ማዶ ቀዝፈህ ነርሷን ያመጣሃት አንተ ነህ። ነርሷ የረሳችውን የመድኃኒት ሣጥን ላምጣ ብለህ ማንም ሳያዝህ ተመልሰህ የወጣኸውም አንተ ነህ። ማዕበሉ እንደሚነሳ ያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ሁሉም ያውቃል።

ጨዋታችንን መቼም አልረሳኸውም። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወስደኝ አንተ ትቀዝፋለህ፣ እኔ ከጀልባዋ ውሃ እጨልፋለሁ። «የዓሣ ራስ የታላቅ ነው፣ ስለዚህ የዓረፍተ ነገሩም ራስ የኔ ነው፤ አንተ ጭራውን አምጣ» ትለኛለህ። «አይ ዊሽ» ብለህ ትወረውራለህ፤ እኔ መቅዘፊያህ ከውሃው ሳይወጣ ጥገኛ ሐረጉን ማግኘት አለብኝ። አባባ ሞተር በገዛልን። ዛሬ ቅዳሜ በሆነ። ከዘገየሁ ውሃ ትረጨኛለህ። አንዳንዴ ደግሞ ሕጉን ራስህ ታፈርሳለህ፤ እኔ እያሰብኩ ጭራዬን ነጥቀህ «ምነው ይህ ልጅ ቶሎ ቶሎ በጨለፈ» ትላለህ።

ያን ጊዜ ጨዋታ ብቻ ነበር። ሐዘን ቤት ተቀምጬ ግን ግሧን ጠላኋት። ከሷ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ያልሆነ ነገር ነው። ሰዎቹ «ምነው ባልወጣ» ሲሉ፣ ጭራው ውስጥ ሌላ ፔኒያሲ ተቀምጧል። ሰኒሚሊ እየጮኸች እሱ እግሩን አጥፎ ካሳቫ የሚበላ ፔኒያሲ። ያንን ሰው አላውቀውም። ወንድሜም አይደለም።

በአራተኛው ሌሊት እያንዳንዱ እስከ መቶኛው ሌሊት ላንተ ሲል የሚተወውን ሲናገር አጎታችን ዋይሳኬ ጺሙን አልላጭም አለ። ሊቲያና ዓሣ ተወች። አባባ ያንጎና መጠጣቱን ተወ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ «እኔ ዊሽን ትቻለሁ፤ አልናገራትም፣ አልጽፋትም» አልኩ።

ዋይሳኬ መጀመሪያ የሰማ አልመሰለውም። «አንተ ልጅ፣ ሰው ምግብ ይተዋል፣ መጠጥ ይተዋል። ቃል የሚተው ከየት መጣ? በሚቀጥለው ሐዘን ደግሞ ሒሳብ ትታለህ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በሐዘኑ ውስጥ የመጀመሪያው ሳቅ ስለነበር እኔም አልተቀየምኩም። አባባ ብቻ አልሳቀም። «ተናግሯል፤ በቃ» አለ።

የዋይሳኬን ልጅ ቪሊሞኔን ሌሊቱን እንዳልፈራ ብለው ካንተ ምንጣፍ ላይ አስተኙት። እንደምታውቀው አፉ አያርፍም። እኔን ማሳት ሥራው ሆነ። «እስቲ ንገረኝ፣ ፊልም ላይ ልደት ሲያከብሩ ሻማውን እፍ ብለው ሲያጠፉ ምን ያደርጋሉ?» ይለኛል። «ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ» እለዋለሁ። ትራስ ይወረውርብኛል።

ትምህርት ቤት ግን ቀልድ አልነበረም። ማዳም ሳሮጅ ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና መለማመጃ ሰጠችን። ምንባቡ መንገድ ላይ ስለደረሰ አደጋ ነው፤ ከሥሩ በዊሽ ዓረፍተ ነገር መሥራት ነበረብን። ያንን ክፍል ባዶውን ተውኩት። ጠርታ «ኢሊሶኒ፣ ይህንን እኮ ከክፍሉ ሁሉ አብልጠህ ታውቀዋለህ። ወንድምህንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በሐዘን አሳብበህ አትስነፍ» አለችኝ።

«አልሰነፍኩም ማዳም። እስከ መቶኛው ሌሊት ታግዶብኛል።»

«የመንግሥት ፈተና የናንተን እገዳ አያውቅም።»

«እንግዲያው ዜሮ ይስጡኝ።»

ሰጠችኝ። ቀጥላም እንዲህ ከቀጠልኩ ለፈተናው እንደማታስቀምጠኝ ተናግራ አባባን አስጠራችው። ፈተናው ከቀረ ዋናው ደሴት ሄጄ መማሬም ቀረ ማለት ነው። አንተ ስንት ጠዋት የቀዘፍክለት ነገር። አልዋሽህም፣ ያን ሌሊት ልጻፋትና ልገላገል ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ ያ ካሳቫ የሚበላው ፔኒያሲ ትዝ አለኝ።

አባባ የእሑድ ልብሱን ለብሶ መጣና የልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ማዳም ሁሉንም ነገረችው። አንገቱን ደፍቶ ከሰማት በኋላ «ማዳም፣ ወንድሜ ጺሙን አሳድጎ ፍየል መስሏል። ተላጭ አልለውም። ልጁንም ቃሏን ጻፋት አልለውም» አላት።

«ፈተናው ነገ ቢሆንስ?»

«እንግዲያው ይወድቃል።»

 ማዳም መነጽሯን አውልቃ፣ አባቷ የሞቱ ጊዜ ወንድሞቿ ራሳቸውን ተላጭተው ወደ ሥራ ሲሄዱ አለቆቻቸው እንደሳቁባቸው ነገረችው። ዜሮውን ግን አላነሳችም። እገዳው ሲያልቅ ያንኑ መለማመጃ እንደገና እንደምታሠራኝ፣ ካልሠራሁት ፈተናውን እንደምረሳ ተናግራ አሰናበተችን።

በባሕሩ ዳር በረጅሙ የእግር መንገድ ስንመለስ አባባ ከፊቴ ይራመድ ነበር። የጀልባህ ቦታ ስንደርስ ቆመ። ጀልባዋ ካገኟት ጀምሮ ኮኮናቱ ሥር እንደተደፋች ናት። «ከሁሉ አብዝቼ ስለው የነበርኩት እኔ ነኝ። ምነው ባልወጣ፣ ምነው ባልወጣ። አሁን ትቼዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሲለው ሰምቼ አላውቅም።

ትናንት መቶኛው ሌሊት ደረሰ። ዋይሳኬ ተላጨ፤ አገጩ ከቀረው ፊቱ ፈክቶ የተዋሰው ይመስላል። ሊቲያና ከመጀመሪያው ዓሣ ጋር እንባዋን ዋጠች። አባባ ያንጎናውን ጠጣ። ዋይሳኬ የትልቁን ዓሣ ራስ አንስቶ የኔ ሳህን ላይ አደረገና «በል፣ አሁን ታላቁ አንተ ነህ» አለኝ። አንስቼ አንተ በምትቀመጥበት በኩል ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። «ታላቅ አለኝ» አልኩት። የሳቀ የለም። ሊቲያና ዊሽን እንድላት ለመነችኝ፤ ቪሊሞኔም አፉን ከፍቶ ጠበቀ። «እዚህ አልላትም» አልኩ።

ሕፃኗን በነርሷ ስም ሎሳሊኒ ብለዋታል። ያንተን ስም ያወጡላታል ብዬ ነበር። አንድ ቀን አኮረፍኩ፣ ከዚያ ተውኩት። ጩኸቷን ግን ብትሰማ የመንደራችን ደወል ነው የምትለው።

እዚያ ያሉትን ሁሉ ሰላም በልልኝ። አያታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ የቀረጸልኝ ትንሽ ጦር አሁንም እንዳለኝ ለአጎታችን ለቶማሲ ንገረው። ውሻችን ቡቱም አንተን ፍለጋ ዳርቻው ላይ መቀመጡን ስላልተወ እሱም ሰላም ብሎሃል። እማማ ምን ልበልልሽ ብላት እጇን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ አነሳችው። ሰላምታዋ እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ዛሬ ቪሊሞኔ ወደ ቤቱ ስለተመለሰ ብቻዬን ነቃሁ። ምንጣፍህን ጠቅልዬ በቦታው አቆምኩት። ካሳቫ ቀቅዬ ግማሹን ቋጠርኩ። ከዚያ ኮኮናቱ ሥር ሄጄ ጀልባዋን ገለበጥኳት፤ ሸርጣኖቹን አባረርኩ፤ ገፍቼም ወደ ትምህርት ቤት ልሄድባት ውሃው ውስጥ አስገባኋት። በዚያው በድሮው ስንጥቋ ውሃ ታስገባለች። መቅዘፊያህን ያዝኩ እንጂ ቦታህ ላይ አልተቀመጥኩም። በራሴ ቦታ ሆኜ ስቀዝፍ ጠማማ ትሄዳለች፤ ትሂድ። በሰኒሚሊ ቤት ፊት ለፊት ሳልፍ ሎሳሊኒ ስትጮህ ድምፅዋ ውሃው ላይ ደረሰኝ። ያን ጊዜ እንዳንተ አድርጌ፣ ጮክ ብዬ «አይ ዊሽ» አልኩ። መቅዘፊያው ከውሃው ሳይወጣ ጭራውን አመጣሁት፤ ይህችን ልጅ በሰማሃት አልኩ። ማዳም ስትጠይቀኝ የምጽፍላትም ይህንኑ ነው። የሚረጨኝ ስለሌለ መቅዘፊያውን አስቀመጥኩና ውሃውን ቶሎ ቶሎ ጨለፍኩ።

ታናሽህ ኢሊሶኒ
ናይቩካ መንደር፣ ካንዳቩ ደሴት
ሰኞ፣ ኦገስት 9