በቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ላይ ስለተወጠረው ሪባን

ለተከበሩ ዶክተር ቬሊዛሮቭ
በዳኑብ ዳር ለምትገኘው ከተማችን ሆስፒታል ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዲጸና፣ እንቅልፍዎም እንዳይታወክ እመኛለሁ። ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት የሆነውን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

ባለፈው ኦክቶበር፣ በቀዶ ጥገና ጊዜ የታማሚው ገላ ገና ሳይዘጋ፣ እጢው ተቆርጦ በወጣበት ቦታ ላይ በቀጥታ ጨረር የሚሰጠው መሣሪያ ሆስፒታልዎ ገባ። በጃንዋሪ ተፈትሾ የሥራ ፈቃድ አገኘ። ፌብሩዋሪ 20 መሣሪያው በቆመበት ክፍል በር ላይ ሪባን ተወጠረ፤ ምክትል ሚኒስትሩ መጥተው እስኪቆርጡት ድረስ ማንም እንዳያልፍ እርስዎ አዘዙ። ምክትል ሚኒስትሩን ጉንፋን ያዛቸው። ማርች 1፣ እንደ ልማዳችን፣ ለጤና እንዲሆናት በባለቤቴ በስኔዣና የእጅ አንጓ ላይ ቀይና ነጭ ክር አሰርኩ፤ ያበበ ዛፍ እስክታይ አይፈታም። ማርች 4 ስኔዣና ከሪባኑ ቀጥሎ ባለው ክፍል ቀዶ ጥገና ተደረገላት።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሥርዓት አክባሪነትዎ። ስኔዣና ከውጭ የሚሰጠውን ጨረር ቀድሞ ጨርሳ ስለነበር ሰውነቷ ሌላ አይችልም፤ አንጀቷን ገለል አድርጎ የቀረውን እጢ ብቻ በዚያ መሣሪያ መምታት የሚቻለው ሆዷ በተከፈተባት በዚያች ጠዋት ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ከክፍሉ ሲወጡ፣ «ወንድሜ፣ ማሽኑ እኮ እዚሁ ግድግዳው ማዶ ነው፤ በእኔ ቢሆን ራሴ ገፍቼ አመጣው ነበር። ሳይመረቅ እንዳትነኩ ተባልን» አሉኝ። የሐኪሙን ስም እንዳይጠይቁኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሁለተኛ፣ በሠራተኞችዎ ዘንድ ጨዋታ እንዳይጠፋ ስላደረጉ። ስኔዣና ወደ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ነርሷ ክሩን ከእጇ ላይ በመቀስ እየቆረጠች፣ «አይዞሽ የኔ እህት፣ ለዚህ እንኳ ሚኒስትር አንጠራም» አለቻት። ስኔዣና ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም።

ሦስተኛ፣ ከጥርጣሬ ስላዳኑኝ። በጨረሩ ትድን ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ይህን የሚያውቅ የለም። አሁን ደግሞ ማንም ሊያውቀው አይችልም። በጁን እጢው እዚያው ቦታ ተመልሷል፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤት እንድወስዳት መክረውኛል። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዙሬላታለሁ። የፕሪም ዛፋችን ዘንድሮም አብቦ ነበር፤ በእጇ ላይ ግን የሚፈታ ክር አልነበረም።

ለክብርዎ ያለኝ አድናቆት በዚያ በር ላይ እንደተወጠረው ሪባን ሳይላላ እንደሚቆይ እያረጋገጥኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ፤

ሉቦሚር ጋንቼቭ
የስኔዣና ባል

ማሳሰቢያ፦ ትናንት መድኃኒቷን ልወስድ ስመጣ በዚያ በር አጠገብ አለፍኩ። የሪባኑ ቀለም ትንሽ ወይቧል፤ አቧራው ግን በትጋት ይራገፍለታል። ምክትል ሚኒስትሩ ከሥልጣን ከወረዱ ሁለት ወር አልፏል፤ የነርሷም መቀስ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ በጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ነው። እርስዎ ሪባኑን አልቆረጡም።