ከኋላ የሚቀመጠው

ውድ የቀድሞ ባለቤቴ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ከልቧ ነው ብለህ እንዳትሸወድ። ቅዳሜ በሠራተኞችህና በሥራ አስኪያጅህ ፊት ጉድ አፍልቼ ከወጣሁ ወዲህ ሦስት መልእክት ልከህልኛል። በመጀመሪያው አብደሻል ወይ አልከኝ። በሁለተኛው ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው አልክ። በሦስተኛው ተለሳልሰህ፣ አባዬን በስልክ ይቅርታ ልጠይቀው፣ አገናኚኝ አልክ። ለሦስቱም መልሴ ይኸው። ቁጭ ብለህ አንብበው። ሰውን ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ወንበር ላይ ማቆየት የምታውቅበት ሰው፣ እስቲ አንተም ትንሽ ተቀመጥ።

መጀመሪያ የረሳኸውን ላስታውስህ። መኪና ሻጭ ሆነህ በተቀጠርክ በስድስተኛው ወር ሊያሰናብቱህ ነበር። መኪናውንስ ትሸጥ ነበር፤ ያቃተህ ተጨማሪው ነው። ከሥር የሚቀባው የዝገት መከላከያ፣ በቀለሙ ላይ የሚለጠፈው ላስቲክ፣ ወንበሩ እድፍ እንዳይዝ የሚረጨው ፈሳሽ፣ ጎማ ውስጥ የሚሞላው «ልዩ አየር»፣ የዋስትና ማራዘሚያው፣ ሌላም ሌላም። ደንበኛው አንዴ «አልፈልግም» ካለህ ምላስህ ይተሳሰር ነበር። ማን ፈታልህ? እኔ። የኬክ ካርቶኖቼን ከምግብ ጠረጴዛው ላይ አንስቼ፣ ፊት ለፊትህ እንደ ደንበኛ ተቀምጬ፣ እኔ እምቢ ስልህ አንተ ስታግባባኝ ስንት እሁድ አሳለፍን። አንዴ እጄ ክሬም እንደሆነ አስቀምጠኸኝ፣ «አለቃዬን ላነጋግርልዎ» ብለህ ኩሽና ገብተህ ውሃ ጠጥተህ ስትመለስ በሳቅ ሞትኩ። ለካ እናንተ ጋ አለቃ ማነጋገር ማለት ውሃ መጠጣት ነው። ያኔ እወድህ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ከነዚያ እሁዶች በአንዱ የአባዬን ነገር ነገርኩህ። ምን ቆርጦኝ እንደነገርኩህ እንጃ። አባዬ የመጀመሪያ መኪናውን ሲገዛ የኋላ ወንበር ቀበቶ ከመኪናው ጋር አይመጣም ነበር፤ ለብቻው የሚገጠም ተጨማሪ ነበር። ሻጩ ይገጠምልዎ ወይ ቢለው፣ እኔ የምቀመጠው ከፊት ነው፣ የራሴ ይበቃኛል ብሎ ተወው። በዓመቱ መንገድ ላይ ሌላ መኪና ከጎን ገጨው። እሱና እናቴ ተረፉ። እኔ ያን ቀን ትኩሳት ይዞኝ አክስቴ ቤት ቀርቼ ነበር። ሚጢ፣ የአምስት ዓመቷ ታናሼ፣ ከኋላ ብቻዋን ነበረች። አባዬ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አፉን የከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ለእኔ። «ለእኔ ብቻ መስሎኝ ነው እምቢ ያልኩት» አለኝ፤ «ከኋላ የሚቀመጠውን ረሳሁት።» ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። እናቴ እንኳ ሳትሰማው ነው የሞተችው። ለአንተ ግን ነገርኩህ፣ ባሌ ነህ ብዬ። እያለቀስኩ ስነግርህ አንዱ እጅህ እጄን ይዞ ነበር። ሌላው ምን ይሠራ እንደነበር አላየሁም።

ለካ ማስታወሻህ ላይ ይጽፍ ነበር። ከዚያ ወር ጀምሮ ተጨማሪ የምትሸጠው እንደ ጉድ ሆነ። መጀመሪያ የምስጋና ወረቀት፣ ቀጥሎ የሻጮች አሰልጣኝነት፣ ቀጥሎ የመስታወት ቢሮ። እኔ ሞኟ ባሌ ጎበዘ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ቢሮውን ካገኘህ በኋላ ቤቱ የቫኒላ ሽታ በዛበት ማለት ጀመርክ፤ አጣበብንህ፣ እኔም ካርቶኖቼም። ተለያየን። በእሱ አልቂምብህም ነበር፣ እውነቴን ነው። ሰው ይለያያል፣ ይረሳሳል።

ባለፈው ወር ግን አባዬ መኪና ልግዛልሽ ብሎ ተነሳ። ባለ ሦስት ደርብ የሰርግ ኬክ ታቅፌ ታክሲ ውስጥ ስንገላታ አይቶ አንጀቱን በልቼዋለሁ። አንተ ያለህበት መሸጫ መሆኑን ስሰማ ሌላ ቦታ እንፈልግ አልኩት። ወደ እሱ ማን ሄደ፣ እኔ የምፈልገው መኪናውን ነው አለኝ። ያን ቀን የማደርሰው ኬክ ነበረብኝና ብቻውን ሄደ። አንተ አልነበርክም፣ አውቃለሁ። ብትኖርስ ዓይኑን እያየህ ያን ቃል ትለው ነበር? እሱን አንተው ታውቃለህ። ያስተናገደችው ካሰለጠንካቸው አንዷ ናት፤ እንዴት እንደነበረ ኋላ ራሷ ነገረችኝ። ቀለሙን እምቢ፣ ዝገቱን እምቢ፣ ልዩ አየሩን እምቢ ሲላት ቆይቶ፣ ልብሱን አስተካክሎ ብድግ ሊል ሲል፣ እምቢ ላለ ደንበኛ እንዲነበብ ያሳተምከውን ካርድ አወጣች። አነበበችለት፤ ከዚያም እንዳስተማርካት እስከ ሦስት ቆጥራ ዝም አለች። አባዬ ወረቀቱን ሁሉ ወደ ራሱ ስቦ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያይ ፈረመ።

ቤት ሲመጣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ልስመው ስጠጋ በእጁ ከለከለኝ። «ስለ ሚጢ ማን ነገራቸው?» አለኝ። አልገባኝም። የፈረመባቸውን ወረቀቶች ዘረጋልኝ፤ ካርዱ አብሮ ተያይዟል፣ በሚያምር ፊደል ታትሞ። «ለእርስዎ ብቻ አይምሰልዎ። ከኋላ የሚቀመጠውን አይርሱት።» ከሥሩ የሚሸጠው ዕቃ አለ። የወንበር እድፍ መከላከያ። የእህቴን ሞት የእድፍ ፈሳሽ መሸጫ አደረግከው። ደሜ ፈላ፣ ግን ከንዴቱ እፍረቱ ቀደመ፣ ምክንያቱም አባዬ መልስ እየጠበቀ ነበር። ለባሌ ነግሬው ነበር አልኩት። «እኔ ላንቺ ነበር የነገርኩሽ» ብሎ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራኛል፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ያወራኛል፤ የልቡን ግን አንዲት ቃል አያወጣም። ከእኔ የወሰድከው ይህን ነው። መኪናውማ መኪና ነው፣ ይሄዳል።

ስለዚህ ቅዳሜ መጣሁልህ። ሥራ አስኪያጁ አዳራሹን የሚዞርበትን ሰዓት መርጬ ነው፤ ሰዓቱን የነገርከኝ አንተው ነህ፣ ድሮ። የእናቴን ሐብል አጥልቄ፣ የሀብታም አረማመድ ተራምጄ ገባሁና፣ ሻጯን ሁለተኛ መኪና ልገዛ ነው፣ ግን አሰልጣኝሽ ራሱ ካላስረዳኝ አልገዛም አልኳት። ከመስታወት ቢሮህ ስትወጣ ፊትህ አመድ መሰለ። ሥራ አስኪያጁ እያየህ የት ትገባለህ፤ ተቀመጥክ። እኔ ሆዬ የዝገቱን አስረዳኝ፣ እሺ ላስቲኩን፣ እስቲ ደግሞ ልዩው አየር ከተራው አየር በምን ይበልጣል እያልኩ ላብህን አወጣሁት። አንዱን በጨረስክ ቁጥር ፈገግ ብዬ «አልፈልግም» እልህ ነበር። ሁለት ጊዜ አለቃዬን ላነጋግር ብለህ ልትነሳ ስትል፣ አለቃህ ያውና ቆሟል፣ እዚሁ አነጋግረው አልኩህ። አጠገባችን የነበሩት ባልና ሚስት ሊፈርሙ ብዕር ይዘው ጆሯቸው እኛ ጋ ነበር። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ካርዱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊትህ አስቀመጥኩት።

«ይህን አንብብልኝ» አልኩህ።

«እባክሽ» አልክ፣ ቀስ ብለህ።

«ለደንበኛ የሚነበብ አይደለም እንዴ? እኔም ደንበኛ ነኝ። አንብብልኝ።»

«ለእርስዎ ብቻ» ብለህ ቀረህ። የቀረውን እኔ ጨረስኩልህ። ቃሉን መጀመሪያ ማን እንደተናገረው፣ ስለ ማን እንደተናገረው፣ አንተ ምን ልትሸጥበት እንደወሰድከው፣ አዳራሹ እየሰማኝ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ሚስትየዋ ብዕሩን ከባሏ እጅ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሻጯ አለቀሰች፤ እሷ ምን ታድርግ፣ ያነበበችው የሰጠሃትን ነው። ሥራ አስኪያጁ አባዬ የፈረመበትን ተጨማሪ ሁሉ እዚያው ሰረዘ፣ ካርዶቹንም ከየጠረጴዛው አንተን ራስህን አስለቀመህ። አንዱ ወንበር ሥር ወድቆ ኖሮ በጉልበትህ ተንበርክከህ አወጣኸው። እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኩህ። ብትጠይቀኝ ኖሮ እኔም አሳይህ ነበር፣ ከጥግ ያለውን ጠረጴዛ ልትዘነጋው ነበር።

አሁን ደግሞ ለአንተ መናገር የማልፈልገውን ልንገርህ። ከመሸጫው ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው የታወቀኝ፤ አባዬ ለአንድ ሰው የነገረውን እኔ ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ተናገርኩት። አንተን ሳዋርድ የእሱን ምስጢር ድጋሚ አወጣሁበት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ ላንተ አላሸክምህም። ቤት ገብቼ፣ ከፊቱ ቆሜ፣ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አባዬ ግን፣ ለመሆኑ ያ ሰው ምን አለ አለኝ። ካርዱን ማንበብ አቃተው አልኩት፤ በስልክ ይቅርታ ልጠይቀው ያልክበት መልእክት ሲደርሰኝም ነገርኩት። «ስልክ አይሁን» አለኝ፤ «ይምጣ።»

ስለዚህ እሁድ ከሰዓት ና። እኔ እነዳለሁ፣ ትንሽ ዞር ዞር እንላለን። አባዬ ከፊት ይቀመጣል፣ አንተ ከኋላ። ከመነሳታችን በፊት ግን ከመኪናው ይወርዳል፣ ያንተን በር ይከፍታል፣ ጎንበስ ብሎ ቀበቶህን በገዛ እጁ ያስርልሃል። ማንም ይቀመጥ ማን፣ እንዲህ ሳያደርግ ሞተር አያስነሳኝም። መቆለፊያው ቶሎ አይገኝለትም፣ ጊዜ ይወስድበታል። እንዳታግዘው። ፊቱ ከፊትህ ስንዝር አይርቅም። ያኔ የካርዱን ቃል ከየት እንዳመጣኸው ንገረው።

እህቷ