ኮረሪማ የገባበት የስዊድን ዳቦ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለሔርሙዬ፣

ከአጎቶችሽ ሁሉ መልከ መልካሙ ነኝ። ሌላ አጎት ስለሌለሽ ውድድሩ ቀላል ነበር። አንቺ እንዴት ነሽ? ሆድሽ ውስጥ ያለው እንግዳስ? ሲራገጥብሽ የኛ ወገን ነው ማለት ነው፤ የኒልስ ዘመዶች ፈቃድ ሳይጠይቁ የሚራገጡ አይመስሉኝም። ኒልስን ሰላም በይልኝ። ስሙን ስጠራ ከዚህ በኋላ ድምፄን ዝቅ አላደርግም፤ ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

ይሄ ሰውዬ መደወል እየቻለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትዪ ይሆናል። በስልክ ብነግርሽ አንቺ ትስቂያለሽ፤ እኔ ደግሞ ሳቅሽን ስሰማ ዋናውን ነገር እረሳለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የሚያወራን ሰው ዝምታ ይበርደዋል።

መቼም አንቺ ሳትነግሪን ስዊድን፣ ኡፕሳላ ማዘጋጃ ቤት ኒልስን ካገባሽ ጀምሮ እናትሽ እንዴት እንደሆነች ታውቂያለሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ነው የምትለው፦ «ሽማግሌ አልተላከብኝም። ልጄን ደጃፍ ላይ እንደተጣለ ፓኬጅ ማንም ሳይፈርም ወሰዷት።» ስልክሽን አታነሳም። እኔም እሷ የማትሰማ እየመሰለኝ ወደ ጋራዥ እየገባሁ አወራሽ ነበር። ጥር ላይ አንድ ቀን ካንቺ ጋር አውርቼ ስገባ፣ ካልሲ እያጣጠፈች ቀና ሳትል፦

«ከመኪናዋ ጋር ጨረሳችሁ?» አለችኝ።

«ጨረስን እትዬ።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ትበላለች?»

«እትዬ ላቀች፣ መኪና ምን ይበላል?»

«ጠየቅሁህ እኮ!»

«ትበላለች። ዘይቷም አልጎደለም።»

ካልሲዋን ማጣጠፏን ቀጠለች። አንዱን ካልሲ ከማይገጥመው ጋር ጠቀለለችው። ያን ጊዜ ነው አንድ ተንኮል ማሰብ የጀመርኩት።

ተንኮሉ ይሄ ነው። ሽማግሌ አልተላከም ካለች፣ እኛ እንልካለን። ኒልስ እዚህ ዘመድ የለውም፤ ስለዚህ እኔና ወልደየሱስ የወንድ ወገን እንሆናለን። ወልደየሱስን ታስታውሺዋለሽ፣ ያ ትራክ የሚነዳው፣ በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ሲጀምር ሰው ሰዓቱን የሚያይበት። ባዶ እጃችንን ደግሞ አንሄድም። አንቺ ቤትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትጋግሪውን የሙሽራውን አገር ዳቦ እኔ ጋግሬ ይዘን እንቀርባለን። ስሙን በስልክ «ቡለ» ስትዪኝ ቡላ መስሎኝ ገንፎ ልጠይቅሽ ነበር፤ ለማንኛውም የላክሽልኝን አሠራር አነበብኩ። በየሳምንቱ ኢንተርኔት ላይ የምታወጪውን የዳቦ ቪዲዮ ግን አላየሁም። ታውቂኛለሽ፣ እኔ ሁሉን በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ። የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን ያለ መመሪያ የጠገንኩት እኔ ነኝ። አሁን ሲሠራ ይዘፍናል፣ ግን ይሠራል።

ባለፈው ቅዳሜ እናትሽ ዎርዝንግተን የምትንከባከባት አሮጊት ጋ ሺፍት ነበረባት፤ ማታ ነው የምትመጣው ብዬ ወጥ ቤቱን ያዝኩት። ወተቱን ለብ አደረግሁ፣ ቅቤውን አቀለጥኩ፣ እርሾውን ጨመርኩ። ቀጥሎ «ካርደሞም» ይላል። ስልኬን ካርደሞም በአማርኛ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ «ኮረሪማ» አለኝ። ደስ አለኝ! ኮረሪማማ የእናትሽ ፍሪዘር ውስጥ በብልቃጥ ሞልቷል። ስዊድኖች ኮረሪማ ዳቦ ላይ እንደሚያደርጉ ሳስብ እንዲያውም ኒልስን ይበልጥ ወደድኩት። በሊጡም ላይ፣ በሚቀባው ቅቤና ስኳርም ላይ ሳልሰስት ነሰነስኩ። ሊጡን ዳመጥኩ፣ በቢላ ሸነተርኩ፣ እየጠመዘዝኩ ቋጠርኩ። ቋጠሮዬ የጫማ ክር ይመስል ነበር። በተረፈው ኩኪስ ጋገርኩ።

የመጀመሪያውን ትሪ ሳወጣ በሩ ተከፈተ። የአሮጊቷ ልጆች እናታቸውን ሊወስዱ መጥተው እናትሽን በጊዜ ለቀዋታል። ካፖርቷን ሳታወልቅ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀሰረች።

«ደጀን! ምንድን ነው የሚሸተው? ዶሮ ወጥ በስኳር ትሠራለህ?»

«ዳቦ ነው እትዬ። የፈረንጅ ዳቦ።»

አንዱን አነሳችና ገመጠችው። ሔርሙዬ፣ ፊቷን ብታዪው! ሶፍት ፈልጋ አጣች።

«ኮረሪማ ነው ያደረግህበት!»

«አዎ፣ አሠራሩ ካርደሞም ይላል።»

«ሄል ነው እንጂ! ሄል ነው የሚገባበት! አረንጓዴዋን በጥፍሯ ፈልፍላ፣ ፍሬዋን በትንሽ ሙቀጫ ሸረከት ታደርጋታለች፤ እንዳንተ እንደ በርበሬ አታደቅቃትም። ደግሞ ቋጠሮህን ተመልከተው፣ ሁሉም ተፈቷል። እሷ እኮ በሁለት ጣቷ ላይ ጠቅልላ፣ ጫፉን ከታች ነው የምትሸጉጠው...»

«እሷ ማን ናት?» አልኳት።

ካፖርቷን ልታወልቅ ቁልፉን መፍታት ጀመረች። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ ሊፈታላት ግን አልቻለም።

«እትዬ፣ እኔ እንኳ ያላየሁትን ቪዲዮ አንቺ የት አየሽው?»

«አላናግራትም አልኩ እንጂ አላያትም አልኩ?»

«የምታወራውን ትሰሚያለሽ ማለት ነው?»

«ድምፁን ዘግቼ ነው የማየው» አለች። እንደ ሕግ አክባሪ ሰው ኮርታ ነው የነገረችኝ።

ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ያላሰብኩትን ትነግረኝ ጀመር። ገና ከገና በፊት ቀለበትሽን እንዳወለቅሽ፣ ጣቶችሽ ስላበጡ እንደሆነ። ባለፉት ሳምንታት ቆመሽ ሳይሆን ተቀምጠሽ እንደምታቦኪ። ከመደርደሪያው ላይ ዱቄት ስታወርጂ ወገብሽን በእጅሽ እንደምትይዢ። «እግሯስ? እግሯ አይታይም፤ ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ነው የሚቀረው» አለችኝ። እኔ እኮ በየሳምንቱ ሳወራሽ «እንዴት ነሽ?» ስልሽ «ፋይን ነኝ ጋሼ» ትዪኛለሽ፣ እኔም አምኜሽ እዘጋለሁ። እሷ ድምፅሽን ዘግታ የሰማችውን እኔ ከፍቼ አልሰማሁም።

«ትልቅ ሙያተኛ ሆናለች» አለች በመጨረሻ። «እኔ ዳቦ አላስተማርኳትም። ማን አስተማራት?»

«ማንም። በእኔ ወጥታ ነው።»

«እንግዲያው አልቆላታል» አለችና ሳቀች። ሁለት ዓመት ያልሰማሁትን ሳቅ።

ሄል ፍለጋ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሞሚና ሮጥኩ። ሻይዋ ያለ ሄል አይፈላም። በሩን ከፍታ ዱቄት የለበሰ ሹራቤን አየችና፦

«ደግሞ ምን አፈረስክ?» አለችኝ።

«ሄል ስጪኝ፣ ለሽምግልና ነው።»

«ሽማግሌ በሄል መላክ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ሙሽራው ስዊድን ነው።»

«ሙሽሪትስ?»

«ሔርሞን።»

ብልቃጡን በሙሉ ሰጠችኝ፤ «ላቀችን የተረፈውን አትመልሺ በላት» አለችኝ።

አዲሱን ሊጥ እናትሽ ናት ያቦካችው። እኔን አታስነካኝም፣ ሄል መፈልፈል ብቻ ነው የተፈቀደልኝ። ቋጠሮውን ስትሠራ ስልኳን ዱቄት ዕቃው ላይ አስደግፋ ያንቺን እጅ እያየች፣ እያስቆመች፣ ወደ ኋላ እየመለሰች ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተፈቱባት፣ ኋላ ላይ ያንቺን መሰሉ። ትሪው ሲወጣ ሽታው ቤቱን ሞላው። አንዱን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ፤ የራሷን ግማሽ ግን ቶሎ አልበላችውም። እጇ ላይ አድርጋ «ቤቷ እንዲህ ነው የሚሸተው ማለት ነው» አለች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽምግልናችንን አካሄድን። ቤዝመንቱ ውስጥ ከምኖርበት ከእናትሽ ቤት በጓሮ በር ወጥቼ፣ በበረዶው ዞሬ፣ ከወልደየሱስ ጋር የፊቱን በር ደወል ደወልኩ። እናትሽ ከፈተች።

«ቁልፍ የለህም?»

«ዛሬ የወንድ ወገን ነኝ።»

«ከሃዲ! ጫማህን ጥረግ። ቁጭ በሉ።»

«መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አለ ወልደየሱስ፣ ከረባቱን እያስተካከለ። ከዚያ ሲያሳምርልሽ! ልጃችን ኒልስ፣ ልጅዎን ሔርሞንን፣ በጌታ ፊት፣ በወግ በማዕረግ እያለ። እናትሽ እጇን አጣምራ አዲስ ነገር እንደምትሰማ ሆና አዳመጠችው።

«ልጁ ምን ይሠራል?»

ወልደየሱስ ወደ እኔ ዞረ። «ባቡር ይጠግናል» አልኩ።

«ይጠጣል?»

«ወተት።»

«ልጄ አርግዛለች የሚሉት እውነት ነው?»

ወልደየሱስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እትዬ ላቀች፣ ሽማግሌው መንገድ ላይ ትንሽ ዘግይቷል። የኦሃዮ በረዶ ነው።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ወደ መስኮቱ ዞራ ጀርባዋን ሰጠችን። ወልደየሱስን ጉልበቱን ያመዋል፣ ግን ደግ ሰው ነው፣ አልተቀመጠም። ስትዞር ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«እሱ ራሱ ይጠይቀኝ» አለች። «በኔ ቋንቋ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኛል። ሽማግሌ ልኬያለሁ ብሎ ራሱ አፉን እንዳይዝ። ከዚያ ልጄን ስጡኝ።»

«ስልኩን ለእሷ ማለትሽ ነው?»

«ስልኩን። ምን ልልህ ኖሯል?»

ከዚያ ቡለውን በሰሃን አቀረበችልን። ወልደየሱስ አራት በላ፤ ሙሽራውን ሳያየው ወደደው። እናትሽ ደግሞ ሳህኑን እያነሳች፣ ለማንም እንዳልሆነ አድርጋ፣ «ግንቦት ላይ እዚያ በረዶ ይኖራል?» አለች። ማክሰኞ ዕለት ሥራ ቦታዋ ለግንቦትና ለሰኔ ፈቃድ ጠይቃለች። እኔ እንደማላውቅ ነው፣ አንቺም አታውቂም። ልታርስሽ መምጣት ትፈልጋለች፤ የቀራት ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ስለዚህ ሔርሙዬ፣ ሥራው ያንቺ ነው። ኒልስን ይቺን አስጠኚው፦ «ልጅዎን እንዲሰጡኝ በአክብሮት እለምንዎታለሁ።» «ጡ» ካቃተችው አትጨነቂ፣ «እንዲሰቱኝ» ቢልም ትሰማዋለች። አንቺ አታስተርጉሚለት፣ ከጎኑም ሆነሽ አትንሾካሾኪለት፤ ታውቅብሻለች። ይሄ ደብዳቤ በደረሰሽ በመጀመሪያው እሁድ፣ በእኛ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ በእናትሽ ስልክ ደውዪ። በእኔ አይደለም። እግርሽን ስትጠይቅሽ ደግሞ «ፋይን» እንዳትያት። እውነቱን ንገሪያት።

ስለ እኔ አታስቢ። ቤት ጠባቂ ያስፈልገዋል፣ በረዶ የሚጠርግም ሰው ያስፈልጋል፤ በግንቦት በረዶ ባይኖርም ሣር አለ። የምሠራበት የሪከንባከር አውሮፕላን ማረፊያም ያለ እኔ አይቆምም። ቀኑን ሙሉ አውሮፕላን ላይ ዕቃ ስጭን እውላለሁ፤ አንዳንዴ ወደ እናንተ አገር የሚሄድ ሳጥን ያጋጥመኛል። ኤልናታን የሚባል አለቃዬ «ጋሽ ደጀን፣ እሱ ላይ ብርጭቆ አልተጻፈም እኮ፣ ምን ያንቀራፍፍሃል?» ይለኛል። እኔ ግን ያንን ቀስ አድርጌ ነው የማስቀምጠው።

ጌታ በሰላም ይገላግልሽ። ያቦካሽው ሁሉ ይነሳልሽ፤ የወለድሽው እንዳንቺ ይሳቅ፤ ያ ባቡር ጠጋኝ ወተቱን ለልጁ ያስተርፍ። ከእናትሽ ጋር ስታወሪ እኔ ቤት ውስጥ አልሆንም። እናንተ እንደልባችሁ አልቅሱ፣ እኔ ካለሁ አስቃችኋለሁ፣ ይበላሻል። ደጅ ደረጃው ላይ ነኝ።

ስትጨርሱ ግን ስልኩን ቶሎ አትዝጊው።

የሚወድሽ አጎትሽ
ደጀን