ሮዝ ወረቀት

ጥቅምት 5
ዝናብ። ድንች ቀቀልኩ፣ አረረብኝ። ሚስቴ ኖሪን ብትኖር... ተወው። "በቀን አንድ መስመር ጻፍ፣ እጅህ ይፍታታ" ትለኝ ነበር። ይኸው ጻፍኩልሽ። ይህቺን እስክጨርስ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ጥቅምት 9
ፕሩ ደወለች። ሥራ የምታፈላልግልኝ ሴትዮ ናት፣ ሞቷል ብላ የተወችኝ መስሎኝ ነበር። ለቴሌቪዥን ድራማ ፈልገውኛል። የምጫወተው ከቤቴ ንቅንቅ አልልም የሚል ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ነው። ስሙ ሃሮልድ። ስም አለው።
መድረክ ላይ ንጉሥም ጳጳስም ሆኛለሁ፣ ከተማዬ ሃሊፋክስ ምስክሬ ናት። ቴሌቪዥን ግን ዕድሜ ልኬን በር ከፍቶልኝ መልሶ ሲዘጋብኝ ኖረ። ፖሊስ ቁጥር ሁለት። ሰካራም። በረኛ። ፊልም ላይ አንዴ ሬሳ ሆንኩ፣ እሱንም ቆርጠው ጣሉት። አሁን በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ስም ያለው ሰው... ለማን ልንገር? ለፎቶዋ ነገርኳት።

ጥቅምት 17
የድራማው ጽሑፍ በፖስታ መጣ። ወፍራም ነው። አየሁት፣ አየኝ።
ድሮ ኖሪን ታነብልኛለች፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። ሁለት ሦስቴ ከሰማሁ ከጭንቅላቴ አይወጣም። የንባብ ቀን ሁሉም ተሰብስቦ ሲያነብ እኔም እኩል ገጽ እገልጣለሁ። ማን ነቃብኝ? ማንም። እኔ ሳነብ በሬ ጭቃ ላይ ሲያርስ ነው።
ለጂሊያን ልንገራት? ልጄ ናት... አይሆንም። አባቷን ንጉሥ ሆኖ ነው ያየችው።

ጥቅምት 18
ለጎረቤቴ ለያቁብ ዓይኔ ደክሟል አልኩት። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። አነበበልኝ... እግዚኦ። ሃሮልድ ለሞተች ሚስቱ የሚናገራት ቦታ አለች። እሷንም ፌርማታ እንደሚጠራ አድርጎ አነበባት።
"ወንበርሽን አላነሳሁትም፤ ቀጥሎ፣ ማን ይቀመጥበታል ብዬ፤ ቀጥሎ።"
"ሰውየው እያለቀሰ ነው እኮ" አልኩት።
"ያልቅስ። እኔ ምን አደረግኩት? ይልቅ ሻይ አፍላ።"
ግን ገባችልኝ። ደረጃ ስወጣም፣ ሰሃን ሳጥብም እላታለሁ። ወንበርሽን አላነሳሁትም።

ኅዳር 11
ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።
የንባብ ቀን ነበር። ሊድስ ከተማ፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ብስኩት፣ ሁሉም ይሳሳማል። ዴኒስ ክራውዘርም አለ፣ የድራማውን ቄስ ሊጫወት። ወጣት ሳለን አንድ መድረክ ላይ ጦር ተሸክመን የቆምን ነን።
"አንተ፣ እስካሁን አልሞትክም?" አለኝ።
"አንተን ሳልቀብር?" አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር።
ከዚያ አየሁ። የኔ ወረቀት ሁሉም ነጭ ነው። የእነሱ መሃሉ ላይ ሮዝ ገጽ አለበት። የተለወጠ ገጽ በቀለም እንደሚለይ አውቃለሁ። ለካ ትናንት በስልክ ልከውታል። የኔ ስልክ ከማውራት ሌላ አያውቅም። አንዲት ልጅ ሮጣ ሮዙን አመጣችልኝ። ፊደሉ እንደ ጉንዳን ተርመሰመሰብኝ።
ተራዬ ደረሰ። ምን ላድርግ? የማውቃትን አልኳት። ከወንበሩ ጀምሬ እስከ መጨረሻዋ። ያን ያህል አሳምሬ የተናገርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ቀና ስል ሁሉም ሮዙን ገጽ ይዘው እኔን ያያሉ።
አዘጋጇ ኢሞጅን ልጅ እግር ናት። ቀስ ብላ፣ "አቶ ጋርሳይድ፣ ያቺ ንግግር እኮ ተሰርዛለች። ሮዙን ይመልከቱ" አለችኝ።
ተመለከትኩ። አፌ ያችኑ ደገመ።
አጠገቤ የተቀመጠችው ተዋናይት እጄን ያዘችኝ። እንደ በሽተኛ። ያኔ ምን እንዳሰቡ ገባኝ። ሽማግሌው ጃጅቷል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር... ንባብ ላይ ቀርፋፋ ነኝ፣ አንዴ ይነበብልኝ። በቃ።
"ይቅርታ፣ ጭንቅላቴ ዛሬ ልክ አይደለም" አልኩ።
በጭንቅላቴ ላይ መሰከርኩበት። እሱ ብቻ ነበር ያለኝ።

ኅዳር 14
ፕሩ ደወለች። ድምጿ ቅቤ ሆኗል። ዕረፍት ያስፈልግሃል አለችኝ። ሃሮልድን ለዴኒስ ሰጥተውታል።

ኅዳር 29
ወሬው ሃሊፋክስ ገባ። ገበያ ውስጥ የድሮ ወዳጄ ሬይ አገኘኝና ለደንቆሮ እንደሚናገር እየጮኸ፣ "እኔ ሬይ ነኝ፣ ታስታውሰኛለህ?" አለኝ። መሰላሌን መቼ ነው የምትመልሰው አልኩት። ወጣቶቹ ተዋንያን አበባ ልከውልኛል። ለቀብር ቸኩለዋል።

ታኅሣሥ 8
ጂሊያን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጥቂት ቃላት ነገረኝና በኋላ መልሳቸው አለኝ። መለስኩለት። ከኋላ ወደ ፊትም አልኩለት። ከዚያ፣ ስንገባ የተናገረውን ሁሉ በራሱ ድምፅ ደገምኩለት፣ ሳሉ ሳይቀር። ጂሊያን ሳቀች። እናቷን መሰለችኝ።
መኪና ውስጥ ግን ሳቋ ቆመ። ለፕሩ ደውዬ ደህና ነው ልበላት አለችኝ፣ ገና ቀረጻ አልጀመሩም፣ ይመልሱሃል።
"ግን አባዬ፣ ጭንቅላትህ ደህና ከሆነ ያን ቀን ምን ሆነህ ነው? ምን ብዬ ላስረዳት?"
በመስኮት በጎች አየሁ።
"አባዬ?"
"አትደውዪ" አልኳት።
ቤቴ ደጃፍ አውርዳኝ ሄደች።

ጥር 3
ምንም።

ጥቅምት 2
ከጥር ወዲህ አልጻፍኩም። ለማን ብዬ?
ዛሬ ድራማው ታየ። ያቁብ ሳምቡሳ ይዞ መጣ። አላይም ብዬ ነበር፣ አየሁ። ዴኒስ የሃሮልድን ሹራብ ለብሶ ይንገዳገዳል። ከዚያ... ወንበሩ ፊት ቆመ። ወንበርሽን አላነሳሁትም አለ።
ንግግሯን መልሰዋታል። ያን ቀን ከኔ አፍ ሰምተው ነው፣ ሌላ ከየት ይመጣል? ዴኒስ ደግሞ አንዷን ሐረግ ዘለላት። ማን ይቀመጥበታል ብዬ። እዚህ ሆኜ እኔ አልኩለት።
መጨረሻ ላይ የሠሩት ሰዎች ስሞች መሮጥ ጀመሩ። ድሮ ኖሪን በጣቷ ትጠቁመኝ ነበር፣ አለህ ዊልፍ እያለች። ምናልባት አመስግነውኝ ይሆናል ብዬ ያቁብን አንብብልኝ አልኩት። እስከ ታች አነበበ። ፌርማታ በፌርማታ።
"የለህም" አለ።
ምን እንደነካኝ አላውቅም።
"ዓይኔ አይደለም፣ ያቁብ። ማንበብ ነው የሚያቅተኝ።"
"አውቃለሁ።"
"ከመቼ?"
"ከመጀመሪያው ቀን። ዓይኑ የደከመ ሰው ያፈጣል። አንተ ሲነበብልህ ትጨፍናለህ።" ሳምቡሳውን ገፋ አደረገልኝ። "ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"
ዓመት ሙሉ ጃጀ መባልን ችዬ የደበቅኩት ነገር... ግድግዳ የሚጋራኝ ሰው ሲያውቀው ኖሯል። ሃሮልድን የሸጥኩት ለዚህ ነው።
ያቁብ የተቀመጠው የኖሪን ወንበር ላይ ነበር። ሲነሳ ነው ያየሁት።